ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የቀን ሰዓት አወጣጥ፦ እንክብሉ ከአፍ እስከ ኩላሊት የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በአራት ኪሎና በሜክሲኮ ባሉ መድኃኒት ቤቶች «መድኃኒቱን ጨረስኩት፤ ምንም አልሠራልኝም» የሚል ሰው የማይመጣበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ ሲጣራ ግን ብዙውን ጊዜ እንክብሉ ጉድለት የለበትም፤ ሰውየው የደም ማነስ እንክብሉን በሻይ ሲያወራርድ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከማኪያቶ ጋር ሲውጥ፣ ወይም በቀን ሦስት ጊዜ የተባለውን በቁርስ፣ በምሳና በመክሰስ ሰዓት አጨናንቆ ሌሊቱን ያለ መድኃኒት ሲያድር ቆይቷል።

ይህ መመሪያ ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ወይም የእናቱንና የአባቱን መድኃኒት ለሚቆጣጠር ልጅ የተጻፈ ነው። መመሪያው ሰዓት ያወጣል እንጂ መጠን አይቀይርም፤ መጠን መጨመር፣ መቀነስና ማቆም የሐኪም ሥራ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ደረጃ 6ን፣ ማለትም ሰንጠረዡን፣ መጀመሪያ ስለሚሠራው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

አንድ ሉክ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤቶችን (በተለይ ክሪያቲኒን የተባለውን የኩላሊት ምርመራና የጉበት ምርመራን) እንዲሁም የታማሚውን ዕድሜና ክብደት ይያዙ። ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች ይህን በወረቀቱ አናት ላይ በጉልህ ይጻፉ።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

1. «ሁሉንም» ሲባል የሐኪም ማዘዣ ያላቸውን ብቻ አይደለም። የዓይን ጠብታ፣ መርፌ፣ ቅባት፣ ቫይታሚን፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ፣ ለጉንፋን የተገዛው እንክብል፣ ከጎረቤት የተገኘው የራስ ምታት መድኃኒት፣ የሚጠጣው የባህል መድኃኒት ሁሉ ይቅረብ።

2. ከእያንዳንዱ መድኃኒት ላይ የንግድ ስሙን ሳይሆን ከሥሩ በአነስተኛ ጽሑፍ የተጻፈውን ዋናውን ስም ይቅዱ። በሁለት ማሸጊያ፣ በሁለት ስም የመጣው መድኃኒት አንድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ በተለይ ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

3. ከስሙ ጎን ሚሊ ግራሙን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና ለምን እንደታዘዘ ይጻፉ። ለምን እንደታዘዘ ማንም የማያውቀው መድኃኒት ካለ ሳይጠየቅ እንዳይቀጥል ምልክት ያድርጉበት።

4. «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን «8 ሰዓት ላይ» ከሚለው ይለዩ። የመጀመሪያው በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ሲሆን ሁለተኛው ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር በየ8 ሰዓቱ ማለት ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8 እና ማታ 4 ሰዓት ነው። የስልክዎ ማንቂያ በውጭ አገር ሰዓት የሚሠራ ከሆነ እነዚህ 6፣ 14 እና 22 ሆነው ይሞላሉ።

ከማሸጊያው ወጥቶ በላስቲክ ከረጢት የተቀመጠና ማንነቱ የማይታወቅ እንክብል ካገኙ በቀለሙና በቅርጹ ለመገመት አይሞክሩ። ለብቻው ያስቀምጡትና ወደ መድኃኒት ቤት ይዘውት ይሂዱ፤ እዚያም ካልታወቀ ይወገድ።

ደረጃ 2፦ ከአፍ እስከ አንጀት ያለውን መንገድ ያጽዱ

የሚዋጥ መድኃኒት በአብዛኛው ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች እንክብሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሟሟ፣ ጨጓራው መቼ እንደሚያሳልፈውና በመንገድ ላይ የሚይዘው ነገር መኖሩ ናቸው። ቤት ውስጥ ከሚፈጠሩት ስህተቶች የሚበዙት በዚህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡት።

ውሃ

እንክብልን ቁጭ ብለው ወይም ቆመው፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ (ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር) ተራ ውሃ ይዋጡ። ሻይ፣ ቡና፣ ወተትና ለስላሳ መጠጥ ውሃን አይተኩም። አምቦ ውሃም ቢሆን በውስጡ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለው ከታች ለተዘረዘሩት የሚጣበቁ መድኃኒቶች አይመረጥም። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ከዋጠ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይተኛ፤ እንክብሉ ጉሮሮ ላይ ከቆየ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል።

ባዶ ሆድ

ባዶ ሆድ ማለት ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ጠዋት ብቻ አይደለም፤ በእኩለ ቀንም ባዶ ሆድ ይገኛል። የእንቅርት ሆርሞን ምትክ የሆነው ሌቮታይሮክሲን ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ በውሃ ብቻ ይወሰዳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው፤ ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። መድኃኒቱ የሚዘጋቸው አሲድ አመንጪዎች ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲመጣ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ደም ውስጥ ተገኝቶ ሊጠብቃቸው ይገባል። ሆዱ በነደደው ጊዜ ብቻ ኦሜፕራዞል የሚውጥ ሰው እፎይታ የሚያጣው ለዚህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም ባዶ ሆድ ይፈልጋል።

ከምግብ ጋር

የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ሆድ እንዳያውክ፣ የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን እንዳይጎዱ ከምግብ ጋር ይወሰዳሉ። ለወባ የሚሰጠው አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን፣ በብዙዎች ዘንድ ኮአርተም የሚባለው፣ ከሁሉ ይለያል፤ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሉሜፋንትሪን ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚገባው እስከ 16 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከጋምቤላ ወይም ከአዋሽ ወባ ይዞት የተመለሰ የአዲስ አበባ ነዋሪ በጾም ወቅት ይህን መድኃኒት በደረቅ እንጀራና በሻይ ሲወስድ ማየት የተለመደ ነው። ስቡ የግድ ከወተት ወይም ከሥጋ መምጣት የለበትም፤ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ አቮካዶ ወይም የለውዝ ቅቤ ይበቃል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ እንደሚወሰድና በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ መሙላት እንዳለበት አይርሱ።

የሚጣበቁት

ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየምና ዚንክ አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ ይይዟቸዋል፤ የተያዘው መድኃኒት ወደ ደም ሳይገባ በሰገራ ይወጣል። እነዚህ ማዕድናት የሚገኙት በወተት፣ በእርጎ፣ በአይብ፣ በደም ማነስ እንክብል፣ በአጥንት ማጠናከሪያ እንክብልና በጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ነው። ርቀቶቹን እንዲህ ይያዙ፦

- ሲፕሮፍሎክሳሲን፦ ከእነዚህ ነገሮች 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ።
- ዶሉቴግራቪር (የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት)፦ እንደዚሁ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ። ከብረት ወይም ከካልሲየም እንክብል ጋር አብሮ መውሰድ የሚቻለው ሁሉም ከምግብ ጋር ከተወሰዱ ብቻ ነው፤ ለጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ግን ይህ አይሠራም።
- ሌቮታይሮክሲን፦ ከብረት፣ ከካልሲየምና ከጨጓራ ሽሮፕ 4 ሰዓት ይራቅ።
- የብረት እንክብል ራሱ፦ ሻይና ቡና ይይዙታል። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው የብረት እንክብሉን ከቡናው ቢያንስ 1 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 2 ሰዓት አሳልፎ ይውሰድ። የብርቱካን ጭማቂ ግን ያግዘዋል።

ጫትም እዚህ ይገባል። በየመን የተደረገ ጥናት ጫት መቃም አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባውን መጠን በግልጽ እንደሚቀንስና አሞክሲሲሊንንም በመጠኑ እንደሚነካ አሳይቷል። የሚቅም ታማሚ ይህን ለባለሙያው ቢናገር ይጠቅመዋል እንጂ አያሳፍረውም።

የማይሰበሩና የማይፈጩ

በማሸጊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ኤስ.አር.፣ ኤክስ.አር. ወይም ኤም.አር. የሚሉ ፊደላት ያሉት እንክብል የቀኑን መጠን ቀስ በቀስ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ቢፈጭ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ኦሜፕራዞልና ሽፋን ያለው ዳይክሎፌናክም አይፈጩም። አባትዎ መዋጥ ካቃታቸው እንክብሉን ከመውቀጥዎ በፊት በሽሮፕ ወይም በሌላ መልክ ይገኝ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

በዚህ ደረጃ ችግር ከተፈጠረ

- እንክብሉ ጉሮሮ ላይ የቀረ ከመሰለዎት ተጨማሪ ውሃ ይጠጡ፤ ሙዝ ወይም ዳቦ ይብሉ። የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም መዋጥ አለመቻል ከመጣ ወደ ሕክምና ይሂዱ።
- ኮአርተም ከተዋጠ በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ መጠኑ ይደገማል፤ ስለዚህ የጎደለውን ለመሙላት ተጨማሪ እንክብል ያስፈልጋል። ሌላ መድኃኒት ከሆነ ግን፣ በተለይ የደም ማቅጠኛ፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ፣ ከመድገምዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።
- ጸበል ቦታ ሄደው በብዛት ጠጥተው የሚያስመልሱ ሰዎች መድኃኒቱን ከዚያ በፊት አይዋጡ። ጸበሉ ካለቀና ሆድ ከረጋ በኋላ ይውሰዱት እንጂ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቱ በማን ሰውነት ውስጥ እንደሚሰራጭ ይወቁ

መድኃኒት ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የታመመውን ቦታ መርጦ አይሄድም፤ በሁሉም ቦታ ይሰራጫል። ግማሹ ከደም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ግማሹ ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ አንዳንዱ ወደ እንግዴ ልጅና ወደ ጡት ወተት ያልፋል። በተግባር ማየት ያለብዎ ሦስት ሰዎችን ነው።

ልጅ፦ የልጅ መጠን በክብደት ይሰላል። የአዋቂ እንክብል በዓይን ግምት ቆርሶ መስጠት ክልክል ነው። ሽሮፕ በቤት ማንኪያ አይለካም፤ ማንኪያ ከማንኪያ ይለያያል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ።

አረጋዊ፦ ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ውሃ ይቀንሳል፣ የስብ ድርሻ ይጨምራል። እንደ ዲያዜፓም ያለ ስብ ውስጥ የሚከማች የእንቅልፍ መድኃኒት በወጣት ላይ ከሚቆየው በላይ ይቆያል፤ በማግስቱ መደንዘዝና ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሱ መውደቅ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ነፍሰ ጡርና አጥቢ፦ ከፓራሲታሞል ውጭ ምንም ነገር ያለ ማዘዣ አይጨመር። ፓራሲታሞልም ቢሆን በልክ።

ደረጃ 4፦ ጉበት ላይ የሚጋጩትን ይለዩ

ጉበት የሰውነት ወፍጮ ነው፤ ከአንጀት የመጣው ደም ወደ ሌላው አካል ከመድረሱ በፊት በእርሱ በኩል ያልፋል፤ መድኃኒቱም እዚያ ይለወጣል። አንዳንድ መድኃኒት በዚህ የመጀመሪያ ማለፊያ አብዛኛው ኃይሉ ይጠፋል። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ከተዋጠ ይህ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ከምላስ ሥር ይቀመጥ እንጂ አይዋጥ።

አሁን ዝርዝርዎን ይዘው እነዚህን አራት ነገሮች አንድ በአንድ ያጣሩ።

ሀ. ጉበትን የሚያፋጥን ወይም የሚያዘገይ አለ?

ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን የጉበትን ሥራ ያፋጥናሉ፤ በዚህም አብሮ የሚወሰደው ሌላ መድኃኒት ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረች ሴት የወሊድ መከላከያ እንክብሏ እንደቀድሞው አያስተማምናትም። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲን ሲጀምር መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ይሆናል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ የደሙ መርጋት ልኬት ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ሪፋምፒሲን ካለቀ በኋላም ይህ ውጤት ወደ 2 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው። በተቃራኒው ክላሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል ጉበትን ያዘገያሉ፤ ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ከሲምቫስታቲን ጋር ሲገናኙ ጡንቻ ሊጎዱ ይችላሉ።

ከእነዚህ አንዱ በዝርዝርዎ ውስጥ ካለ ክብ ያድርጉበትና ለማንኛውም ሐኪም፣ ለጥርስ ሐኪምም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚናገሩት እርሱን ይሁን።

ለ. ፓራሲታሞል በድምሩ ስንት ሆነ?

ጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል በላይ መውሰድ የለበትም። ክብደቱ ላነሰ፣ ለተጎሳቆለ፣ አዘውትሮ ለሚጠጣና ጉበቱ ለታመመ ሰው ጣሪያው ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል እንደሚሆን ሐኪም ይወስን። ጉበት ፓራሲታሞልን ሲለውጥ ጥቂት መርዛማ ነገር ይፈጠራል፤ በመደበኛው መጠን ሰውነት ያከሽፈዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ማክሸፊያው ያልቅና የጉበት ሕዋስ መሞት ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከልክ በላይ ከተወሰደ በመጀመሪያው ቀን ታማሚው ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማክሸፊያ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በመሆኑ ምልክት አይጠብቁ። ባዶውን ማሸጊያ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ መጓጓዣ ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሐ. ኮዴይን ወይም ትራማዶል አለ?

ሁለቱም ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ኮዴይን በሳል ሽሮፕ ውስጥም ይገኛል። ጉበት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም በአንዳንድ ሰው ላይ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሞርፊኑ በድንገት በዝቶ ትንፋሽን ሊያዘገይ ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል በተደራረበ ቁጥር እንደሚሸከሙ አሳይቷል፤ ይህ በዓለም ከታዩት ከፍተኛ ድርሻዎች አንዱ ነው። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ኮዴይንን ያገደው በዚሁ ስጋት ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣውን የሳል ሽሮፕ ስያሜ ሳያነቡ ለልጅ አይስጡ። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም በኩል ስለሚያልፍ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ ከወሰዱት በኋላ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍና የትንፋሽ መዘግየት ከታየ ሰውየውን ሳይተኛ ወደ ሕክምና ያድርሱት።

መ. መጠጥና የባህል መድኃኒት

ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም እስኪጨርስና ከጨረሰም በኋላ 3 ቀን ድረስ ይተው። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ጎመን አይከለከልም፤ የሚፈለገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው። ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት በብዛት መውሰድ ግን የመድማት አደጋን ሊጨምር ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር። ይዘቱ የማይታወቅ በጠርሙስ የተቀመመ የባህል መድኃኒት ከዋርፋሪን፣ ከሚጥል በሽታና ከኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጋር መቀላቀል የለበትም፤ በእኔ አመለካከት በዚህ ላይ መደራደሪያ የለም።

ደረጃ 5፦ ኩላሊትን ያስቡ፣ የቆይታ ጊዜውን ያስሉ

የተለወጠውም ያልተለወጠውም መድኃኒት በብዛት በሽንት፣ የተወሰነው ደግሞ በሐሞት በኩል በሰገራ ይወጣል። ኩላሊት ከደከመ በልክ የተሰጠው መድኃኒት ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ስለዚህ፦

1. የክሪያቲኒን ውጤትዎን ቀን ይዩ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለብዎት ከሆነና ውጤቱ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

2. በዝርዝርዎ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብረው ካሉ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይጨምሩ። ሦስቱ ሲገናኙ የኩላሊትን የደም ፍሰት በሦስት በኩል ይቀንሱበታል። ዳይክሎፌናክ በከተማችን እንደ ከረሜላ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ይህ ጥምረት ከሚታሰበው በላይ ይገጥማል።

3. ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዝዎት ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል ለጊዜው ይቁሙ እንደሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠይቁ። የሰውነት ውሃ ሲያንስ ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል።

4. በቀለም አይደናገጡ። ሪፋምፒሲን ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ብረት ሰገራን ያጠቁራል። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚሸት ጥቁር ሰገራ ግን ከጨጓራ የመጣ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

የቆይታ ጊዜ

በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ለእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ነው። አይቡፕሮፌን 2 ሰዓት ገደማ፣ አምሎዲፒን ከ30 እስከ 50 ሰዓት፣ ሌቮታይሮክሲን 7 ቀን ገደማ ይፈጃል። በመደበኛነት የሚወሰድ መድኃኒት ደም ውስጥ የተረጋጋ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከአራት እስከ አምስት እንዲህ ያለ ጊዜ ሲያልፍ ነው፤ ሲቆምም የሚጠፋው በዚያው ልክ ነው። አምሎዲፒንን በሁለተኛው ቀን «ግፊቴን አልቀነሰም» ብሎ መተው፣ ወይም ሌቮታይሮክሲን በተቀየረ በሁለት ሳምንቱ ለምርመራ መሮጥ ትርጉም የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ የሌቮታይሮክሲን ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቃል።

ደረጃ 6፦ ሰንጠረዡን ይሥሩ

ከሁሉ አስቀድመው በጣም የሚያስቸግረውን መድኃኒት ቦታ ይስጡት፤ በየትኛውም ሰዓት የሚወሰደውን መጨረሻ ያስገቡ። በአራት ኪሎ የሚኖሩ አንዲት የ60 ዓመት እናት ሌቮታይሮክሲን፣ ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምሎዲፒን፣ ብረትና ካልሲየም ታዘዘላቸው እንበል፤ ቡና የሚያፈሉት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው።

- ጠዋት 12፦00፦ ሌቮታይሮክሲን በውሃ ብቻ።
- ጠዋት 1፦00፦ ቁርስ፣ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን።
- ጠዋት 5፦00፦ ብረት በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ። ከቡናው 2 ሰዓት፣ ከሌቮታይሮክሲኑ 5 ሰዓት ርቋል።
- ቀን 7፦00፦ ምሳ፤ መድኃኒት የለም።
- ማታ 1፦30፦ እራት፣ ሜትፎርሚን፣ ካልሲየም።

ብረቱ ሆድ ካቃጠላቸው በጥቂት ምግብ ይውሰዱት፤ ምግቡ ግን ወተትና ሻይ የሌለበት ይሁን። ጠዋት ቅዳሴ የሚሄዱና ውሃ የማይቀምሱ ከሆነ ሌቮታይሮክሲኑን ከእራት ቢያንስ 3 ሰዓት በኋላ፣ በመኝታ ሰዓት ለመውሰድ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በዚያን ጊዜ ካልሲየሙ ወደ ምሳ ይዛወራል። የተጠናቀቀውን ሰንጠረዥ አንዱን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ፣ አንዱን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቀጠሮ ላይ የሚያሳዩት ፎቶውን ነው።

ደረጃ 7፦ ዕለቱ ከሰንጠረዡ ሲወጣ

መጠን ከተረሳ፦ ወደሚቀጥለው ሰዓት የሚቀረው ከግማሽ በላይ ከሆነ አሁኑኑ ይውሰዱት፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ይለፉት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይዋጡ። የነቀርሳ፣ የኤች.አይ.ቪ. እና የወሊድ መከላከያ መድኃኒቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የሚከታተሉበትን ክፍል ይጠይቁ።

ሁለት ጊዜ ከተዋጠ፦ የስኳር፣ የልብ፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ከሆነ ሳይዘገዩ ይደውሉ ወይም ይሂዱ። የስኳር መድኃኒቱ ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ሰውየው እያወቀና መዋጥ እየቻለ ስኳር ያለው ነገር ይጠጣ፤ የስኳር መውረዱ ለብዙ ሰዓት ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አይተው።

ጾም፦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን ከሱሑር እስከ ኢፍጣር የሚቆይ ሰው በቀን አንድና ሁለት ጊዜ የሚወሰዱትን ብዙዎቹን መድኃኒቶች ማዛወር ይችላል፤ በየ8 ሰዓቱ የሚወሰደውን ግን አይችልም። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ሐኪሙን ያናግር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ የንስሐ አባትን ወይም ኡስታዝን መጠየቅ ከባድ አይደለም።

የደም ምርመራ ቀን፦ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ወረፋ የሚይዝ ሰው ሁሉንም መድኃኒት ትቶ ይወጣል። ያስፈልጋል የሚባለው ይህ አይደለም። ለባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ ሜትፎርሚን ደም ከተሰጠ በኋላ ከቁርስ ጋር ይወሰዳል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ግን፣ ተው ካልተባሉ፣ በጥቂት ውሃ እንደወትሮው ይወሰዳል። የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ካለ ሌቮታይሮክሲኑን ደም ከሰጡ በኋላ ይውሰዱ። ቦርሳዎ ውስጥ የውሃ ጠርሙስና የዕለቱን እንክብል ይያዙ፤ ወረፋው ወደ ምሳ ሰዓት ሊገፋ ይችላል።

አዲስ መድኃኒት ሲጨመር፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለአንድ ሳምንት የታዘዘላቸው እኚያ እናት የብረቱንና የካልሲየሙን ሰዓት ለማስታረቅ ከመድከም ይልቅ፣ ሁለቱ ለዚያ ሳምንት ይቁሙ ወይ ብለው ሐኪሙን ቢጠይቁ ብዙውን ጊዜ ይፈቀድላቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ ሲፕሮፍሎክሳሲን በስኳር ታማሚ ላይ ስኳርን ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል በእነዚያ ቀናት ልኬቱን ያዘውትሩ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሲደርሱ ማዘዣውን ብቻ ሳይሆን በስልክዎ ያለውን የሰንጠረዥ ፎቶ አብረው ያሳዩና «ይህ አዲሱ ከእነዚህ ከየትኛው ይራቅ? በስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን እዚያው ማሸጊያው ላይ ያስጽፉ።